ለቀናት በሚዘልቅ የኦንላይን ቼዝ ንጹሕ ጨዋታ እንዴት መጫወት ይቻላል?

ለአንድ ሙቭ (ጠጠር ለማንቀሳቀስ ተራ) አንድ ቀን፣ ሦስት ቀን፣ ሲያሻም እስከ 14 ቀን የሚሰጥ የኦንላይን ቼዝ አለ። ቼዝ ዶት ኮም በተባለው ድረ ገጽ «ዴይሊ» ይባላል፤ ሊቼስ በተባለው ደግሞ «ኮረስፖንደንስ»። ሰዓት አያጣድፍም። አንድን አቀማመጥ ጠዋት አይታችሁ ማታ ትመለሱበታላችሁ። በብሊትዝ፣ በጥቂት ደቂቃ በሚያልቀው ጨዋታ፣ ጨርሶ የማይታያችሁ ሐሳብ እዚህ ይታያችኋል። ቼዝን በጥልቀት ለመማር ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም።

ችግሩም የሚመጣው ከዚያው ጊዜ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ማንም አያያችሁም። ስቶክፊሽን የመሰለ ኢንጂን፣ ማለትም ምርጡን ሙቭ የሚያሰላ ፕሮግራም፣ በነጻ ስልክ ላይ ይጫናል፤ ስልክ ላይ ሆኖም ከዓለም ሻምፒዮን ይበልጣል። ሆን ብለው በእሱ የሚያጭበረብሩ ሰዎች አሉ። ደንቡን በደንብ ሳያውቁ፣ ወይም የከፈቱት ገጽ ላይ ኢንጂኑ በርቶ ስለቆያቸው የሚሳሳቱም አሉ። ይህ መመሪያ ለእነዚህ ለኋለኞቹ ነው። «ተጋጣሚዬ እያጭበረበረ ይሆን?» እያለ ለሚብሰለሰል ሰውም ነው።

1. መጀመሪያ ደንቡን አንብቡ

በፈጣን ጨዋታ ደንቡ ቀላል ነው፤ ምንም ዓይነት እርዳታ የለም። እንዲህ ለቀናት በሚዘልቀው፣ ዘገምተኛ በምለው ጨዋታ ግን አንዳንዱ እርዳታ ተፈቅዷል፣ አንዳንዱ ተከልክሏል። ግራ መጋባቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ቼዝ ዶት ኮምና ሊቼስ ላይ በዘገምተኛ ጨዋታ የመክፈቻ (የጨዋታው የመጀመሪያ ሙቮች) መጽሐፍ ማየት፣ የመክፈቻ ዳታቤዝ መክፈት፣ ድሮ የተጫወቱትን ጨዋታዎች ማገላበጥ ይቻላል። ኢንጂን ክልክል ነው። የሌላ ሰው ምክርም እንደዚያው። ይህ ልማድ ቼዝ በደብዳቤ ከሚጫወትበት ዘመን የመጣ ነው። ቤቱ ተቀምጦ ሙቩን ፖስታ ካርድ ላይ የሚጽፍን ሰው መደርደሪያህ ላይ ያለውን መጽሐፍ አትንካ ብሎ ማስከበር አይቻልም ነበር። ስለዚህ መጽሐፍ የጨዋታው አካል ሆኖ ቀረ።

ሌላ ቦታ ሌላ ደንብ አለ። በ1951 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የኮረስፖንደንስ ቼዝ ፌዴሬሽን፣ አይሲሲኤፍ፣ በአብዛኞቹ ውድድሮቹ ኢንጂን ይፈቅዳል። ተጫዋቾቹ ኮምፒውተሩን ለቀናት እያስሠሩ ውጤቱን ከራሳቸው ዳኝነት ጋር ያመዛዝናሉ። በከፍተኛው ደረጃ አብዛኛው ጨዋታ በአቻ የሚያልቀውም ለዚህ ነው። እዚያ ይህን ማድረግ ማጭበርበር አይባልም፤ ሁለቱም ወገን አውቆት የገባበት ነው።

በ1999 የዓለም ሻምፒዮኑ ጋሪ ካስፓሮቭ በኢንተርኔት «ከዓለም» ጋር ተጫውቶ ነበር። ለአንድ ሙቭ 24 ሰዓት ይሰጥ ነበር። ከ75 በላይ አገሮች የመጡ ከ50,000 በላይ ሰዎች ተመካክረው በድምፅ ብልጫ ሙቩን ይመርጣሉ። ካስፓሮቭ በ62 ሙቭ አሸነፈ። ተራ ጨዋታ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ምክክር ከባድ ጥፋት ነበር። እዚያ ግን ጨዋታው የተጠራው በዚያ ስምምነት ነው። ዛሬም ቼዝ ዶት ኮም ላይ በድምፅ የሚጫወቱ ቡድኖች አሉ፤ መመካከር ይችላሉ፣ ኢንጂን ግን አይችሉም።

ስለዚህ አንድ ነገር መፈቀዱን ስትጠራጠሩ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። ተጋጣሚዬ ይህን እንደምጠቀም ቢያውቅ ቅር ይለዋል? እሱስ ይህንኑ ቢያደርግ እቀበለዋለሁ? መልሱ ካላረጋጋችሁ ተዉት። ከጓደኛ ጋር በግል የምትጫወቱ ከሆነ ደግሞ ከመጀመሪያው ሙቭ በፊት ተነጋገሩ። «መጽሐፍ እንይ? ዳታቤዝስ?» ማለት ሁለት መስመር መልእክት ነው፤ ብዙ ቅሬታ ያስቀራል።

2. ኢንጂኑን ከአጠገባችሁ አርቁ

በራሴ እተማመናለሁ ብላችሁ ይህን አትዝለሉ። ጨዋታው ሲከብድ፣ ሌሊት ሲሆን፣ ሬቲንግ (የደረጃ ነጥብ) ሲያሳሳ፣ ፈተናው ይመጣል። አስቀድማችሁ ብታመቻቹ ይሻላል።

ጨዋታውን በአንድ አሳሽ ክፈቱ። ለጥናትና ለትንተና ሌላ አሳሽ፣ ከተቻለም ሌላ መሣሪያ ያዙ። በጨዋታው አሳሽ ላይ ከቼዝ ጋር የተያያዘ ተጨማሪ ፕሮግራም (ኤክስቴንሽን) ካለ አጥፉት። አንዳንዶቹ ሰሌዳውን አንብበው ሙቭ ይጠቁማሉ። ባትጠቀሙበት እንኳ እዚያ መኖሩ ራሱ ለጥርጣሬ ይዳርጋል። የመተንተኛ ገጾች ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ኢንጂኑ ገጹ ሲከፈት ጠፍቶ እንዲጀምር አድርጉ።

ሌላው የጨዋታ ብዛት ነው። 40 ጨዋታ በአንድ ጊዜ የያዘ ሰው የትኛው አቀማመጥ እየተካሄደ ያለ፣ የትኛው ያለቀ እንደሆነ ይምታታበታል። ለጀማሪ ከአምስት እስከ አስር ይበቃል። ለእያንዳንዱ ለማሰብም ጊዜ ይኖራችኋል።

3. መክፈቻውን ከመጽሐፍ ተጫወቱ፣ ወጥመዶቹን ግን እወቁ

ብዙ ሰው ሳያውቅ የሚሰናከለው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

የመክፈቻ ዳታቤዝ የሚያሳያችሁ ሌሎች ሰዎች በዚህ አቀማመጥ ምን እንደተጫወቱና ውጤቱ ምን እንደነበር ነው። ሊቼስ ላይ ያለው የማስተሮች ዳታቤዝ ለምሳሌ ከ1952 ወዲህ የተካሄዱ የጠንካራ ተጫዋቾችን ጨዋታዎች ይዟል። «ይህ ሙቭ 300 ጊዜ ተሞክሯል፤ ነጭ ይህን ያህሉን አሸንፏል» ይላችኋል። ይህን ማየት ተፈቅዷል። ኢንጂን በዚያው አቀማመጥ «ነጭ በ0.8 ይበልጣል» (በአንድ ወታደር ዋጋ ሲለካ) ሲል ማየት ግን አልተፈቀደም። ችግሩ ሁለቱ ብዙ ጊዜ አንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን መቀመጣቸው ነው።

የመጀመሪያው ወጥመድ ይኸው ነው። ዳታቤዙን ለማየት የመተንተኛ ገጽ ትከፍታላችሁ፣ ከላይ በኩል የኢንጂኑ ቁጥር ይበራል። አንዳንድ የዳታቤዝ ድረ ገጾችም ከእያንዳንዱ ሙቭ ጎን የኢንጂን ግምገማ ያስቀምጣሉ። መፍትሔው ቁጥሩን ላለማየት መታገል አይደለም፤ ቁጥር የሌለበትን ገጽ ምረጡ። በጨዋታው ውስጥ ከሚሰጣችሁ የመክፈቻ መመልከቻ አትውጡ። ከወጣችሁ ደግሞ ኢንጂኑ መጥፋቱን ከሌላ ጨዋታ አቀማመጥ ላይ አረጋግጡ። የራሳችሁን የምትከፍቱት ከዚያ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ የበለጠ ስውር ነው። የሲሲሊያን መከላከያ ትወዳላችሁ እንበል። ስለ መክፈቻው እያጠናችሁ ነው፣ በጥናቱም ኢንጂን ታበራላችሁ። በሌላ በኩል ያንኑ መክፈቻ አሁን እየተጫወታችሁት ነው። ጥናቱ ሙቭ በሙቭ ሄዶ ሄዶ እየተካሄደ ካለው ጨዋታ አቀማመጥ ጋር ይገጥማል። በዚያች ቅጽበት ጥናቱ እርዳታ ሆነ። «እኔ እኮ ለማጥናት ነበር» ማለት አያድንም፤ ከኢንጂኑ ያገኛችሁት ሙቭ ያው ሙቭ ነው። ደንቤ ቀላል ነው፦ አንድን መክፈቻ በዘገምተኛ ጨዋታ እየተጫወትኩት ባለሁበት ጊዜ ያንን መክፈቻ በኢንጂን አላጠናም። መጽሐፍና የሰው ጨዋታ ብቻ። ጨዋታው እስኪያልቅ ሌላ መክፈቻ አጠናለሁ።

ሦስተኛው፣ ያለቀ ጨዋታ ነው። ከሁለት ተጋጣሚዎች ጋር አንድ ዓይነት መክፈቻ ይዛችኋል። አንዱ ጨዋታ አለቀ። በጉጉት ኢንጂን ላይ ጫናችሁት። ሁለተኛው ጨዋታ ግን ገና እዚያው አቀማመጥ ላይ ነው። ያለቀውን ከመተንተናችሁ በፊት በእጃችሁ ያሉትን ጨዋታዎች በሙሉ አንድ ጊዜ ተመልከቱ። የሚመሳሰል ካለ ትንተናውን አቆዩት።

ዳታቤዝ መጠቀም መፈቀዱ ጭፍን መገልበጥ ይሻላል ማለት አይደለም። ቁጥሩ ጥሩ ስለሆነ ብቻ የተመረጠ ሙቭ፣ ዳታቤዙ ባለቀበት ቅጽበት ሜዳ ላይ ይጥላችኋል። 14ኛው ሙቭ ላይ ደርሳችሁ «ለምን ይህ ፈረስ እዚህ ቆመ?» ብትባሉ መልስ ከሌላችሁ፣ 15ኛውን ለብቻችሁ መጫወት አትችሉም። ኢንጂን የመክፈት ፈተናም ከሁሉ በላይ የሚጠነክረው ልክ በዚያ ሰዓት ነው። ስለዚህ ከዳታቤዝ የወሰዳችሁት እያንዳንዱ ሙቭ ዓላማው ምን እንደሆነ ሳይገባችሁ ወደ ቀጣዩ አትሂዱ። የዋናዎቹን ጨዋታዎች እስከ መጨረሻ አይታችሁ የጠጠሮቹን አሰላለፍ ተማሩ።

4. በመተንተኛ ሰሌዳና በማስታወሻ አስቡ

ቼዝ ዶት ኮምም ሊቼስም ላይ እየተካሄደ ላለው ጨዋታ የተዘጋጀ፣ ኢንጂን የሌለው መተንተኛ ሰሌዳ አለ። ጠጠሮቹን ወዲያ ወዲህ እያንቀሳቀሳችሁ መሞከር ተፈቅዷል። እውነተኛ ሰሌዳ ላይ መደርደርም ይቻላል፤ እኔ ይህን እመርጣለሁ።

አሠራሩ እንዲህ ይሁን። መጀመሪያ ምንም ሳትነኩ ተጋጣሚው በመጨረሻው ሙቭ ምን እንደፈለገ ጠይቁ። ከዚያ ሦስት የሚሆኑ አማራጮችን ጻፉ። እያንዳንዱን በሰሌዳው ላይ እስከተረጋጋ አቀማመጥ ድረስ ውሰዱት። ቼኮችን፣ መብላቶችን፣ ማስፈራሪያዎችን አትዝለሉ። ውሳኔያችሁን ከነምክንያቱ በጨዋታው ማስታወሻ ውስጥ አስቀምጡ፦ «ሩኩን ወደ ክፍቱ መስመር አወጣለሁ፤ ፈረሱ ከገባ ወታደሩን እገፋለሁ» ዓይነት። ከተቻለ ሙቩን ወዲያው አትላኩ። አንድ ሌሊት አሳድሩት።

ይህ ማስታወሻ ብዙ ይሠራል። ከሁለት ቀን በኋላ ስትመለሱ ከዜሮ አትጀምሩም። ጨዋታው ሲያልቅ አስተሳሰባችሁን ከእውነታው ጋር ታስተያያላችሁ። አንድ ቀን ብትጠረጠሩም ሙቩ ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ነገር በእጃችሁ ይኖራል።

5. ሰው አትጠይቁ

ኢንጂን የማይነካ ሰው እንኳ እዚህ ላይ ይላላል። የጨዋታውን ስክሪንሾት ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጥፎ «እዚህ ምን ትላላችሁ?» ማለት እርዳታ መጠየቅ ነው። ጓደኛ ትከሻ ላይ ቆሞ «ንግሥትህን ጠብቅ» ካለም ያው ነው። አሠልጣኝ ካላችሁ እየተካሄዱ ያሉ ጨዋታዎች እንዳሏችሁ ንገሩት፤ እነዚያን አቀማመጦች አያንሳ። ስለ ሌላው ሁሉ መማር ትችላላችሁ።

ሰው ሳትጠይቁት ሙቭ ቢጠቁማችሁስ? አስቁሙት። የሰማችሁትን ከጭንቅላት ማውጣት አይቻልም፤ እንዳይደገም ግን ማድረግ ይቻላል። ጨዋታ በቀጥታ ለሰው ማሳየት ከወደዳችሁም ያለቀውን አሳዩ።

6. ጠጠር ሲቀንስ ተጠንቀቁ

ቴብልቤዝ የሚባል ነገር አለ። ጥቂት ጠጠሮች የቀሩባቸውን አቀማመጦች ትክክለኛ ውጤት ያለ ምንም ስህተት ይናገራል። ነገሥታቱን ጨምሮ እስከ 7 ጠጠር ድረስ ተጠናቋል። አይሲሲኤፍ ላይ በእሱ ተደግፎ ማሸነፍን ወይም አቻን መጠየቅ ይቻላል። ቼዝ ዶት ኮም ላይ ግን በዘገምተኛ ጨዋታም ክልክል ነው።

ወጥመዱ የሚመጣው አንዳንድ የመክፈቻ መመልከቻዎች ጠጠሩ ሲቀንስ በራሳቸው ወደ ቴብልቤዝ ስለሚቀየሩ ነው። ስለዚህ መክፈቻው እንዳለቀ መመልከቻውን ዝጉት፤ እስከ ጨዋታው መጨረሻ አትክፈቱት። ስለ ሩክና ወታደር አጨራረስ መጽሐፍ ማንበብ ግን ትችላላችሁ። ከመጽሐፉ መርሁን ታገኛላችሁ፤ ስሌቱ የእናንተ ነው።

7. ሰዓቱንም በአግባቡ ያዙ

የተሸነፈን ጨዋታ ለመጎተት በየሙቩ 14 ቀን ማስጠበቅ ደንብ ላይጥስ ይችላል፤ ነውር ግን ነው። ሥራ ከበዛባችሁ ቼዝ ዶት ኮም የዕረፍት ጊዜ ይሰጣል፤ እሱን ተጠቀሙ። «እሱ ይህን ከተጫወተ እኔ ያንን» ብሎ ሙቭ አስቀድሞ ማስገባትም ግልጽ በሆኑ ልውውጦች ሳምንታት ይቆጥባል። ሬቲንግ ለማውረድ ሆን ብሎ መሸነፍና በሁለተኛ አካውንት መጫወት ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ቼዝ ዶት ኮም ላይ ሁለቱም ደንብ ይጥሳሉ።

8. ተጋጣሚያችሁን ስትጠረጥሩ

መጀመሪያ ማድረግ የሌለባችሁን ልንገራችሁ። እየተካሄደ ያለውን ጨዋታ «እሱ ማጭበርበሩን ላረጋግጥ» ብላችሁ ኢንጂን ላይ አትጫኑ። በዚያች ደቂቃ ያጭበረበራችሁት እናንተ ናችሁ። የተጋጣሚያችሁን ሙቭ ስታዩ የራሳችሁንም ምርጥ ሙቭ ታያላችሁ። ጨዋታው እስኪያልቅ ታገሡ።

ከዚያ ጥርጣሬያችሁን መርምሩ። ሰዎች እንደ ማስረጃ የሚቆጥሯቸው ብዙ ነገሮች ምንም አያሳዩም።

«በብሊትዝ 1200 ነው፣ እዚህ ግን 1800» ይባላል። ጊዜ፣ ዳታቤዝና መተንተኛ ሰሌዳ ያለው ትጉህ ሰው በዘገምተኛ ጨዋታ በጣም ቢሻል አይገርምም። የጨዋታው ጥቅም ራሱ ይህ ነው።

«በአምስት ሴኮንድ መለሰ» ይባላል። ምናልባት ሙቩን አስቀድሞ አስገብቶታል፤ ወይም ትናንት ማታ አስቦ ጨርሷል። በብሊትዝ ቀላሉንም ከባዱንም ሙቭ በእኩል ሰዓት የሚጫወት ሰው ያጠራጥራል። በዘገምተኛ ጨዋታ ግን ሰውዬው መቼ እንዳሰበ ሰዓቱ አይነግራችሁም።

«ትክክለኛነቱ 96 በመቶ ነው» ይባላል። ሙቮቹ ከኢንጂኑ ምርጫ ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረቡ የሚለካው ይህ ቁጥር በአንድ ጨዋታ ብዙ ያሳስታል። የመጀመሪያዎቹ 12 ሙቮች ከዳታቤዝ ከሆኑ፣ ከዚያ እናንተ ንግሥታችሁን በስህተት ከሰጣችሁ፣ የቀረው ለማንም ቀላል ነው። ቁጥሩ መውጣቱ አይቀርም።

ትርጉም ያለው ነገር የሚታየው በብዙ ጨዋታዎች ነው። መርማሪዎች ከመጽሐፍ የመጡትንና የግድ የሆኑትን ሙቮች አውጥተው፣ በቀሩት ከባድ ውሳኔዎች ላይ ተጫዋቹ ከኢንጂን ጋር ምን ያህል ደጋግሞ እንደሚገጥም ያያሉ። በእሱ ደረጃ ካለ ሰው ከሚጠበቀው ጋር ያነጻጽራሉ። እኛ የማናየው መረጃም አላቸው። እናንተ ሦስት አራት ጨዋታ አይታችሁ፣ ሁከት በበዛበት አቀማመጥ ሁሉ አንድም ስህተት የሌለው፣ ድንገት ከሳምንት ወደ ሳምንት ሌላ ሰው የሆነ ተጫዋች ካያችሁ፣ መጠርጠራችሁ ተገቢ ነው። ፍርዱ ግን የእናንተ አይደለም።

አሠራሩ አጭር ነው። ከተጫዋቹ ገጽ ላይ ሪፖርት የሚለውን ተጫኑ። የጨዋታውን ሊንክና ያጠራጠሯችሁን የሙቭ ቁጥሮች ጻፉ። ስድብ አትጨምሩ፤ «እርግጠኛ ነኝ» አትበሉ። ለሰውዬው በቻት አትንገሩት። ስሙን ግሩፕ ላይ አትለጥፉ። ንጹሕ ከሆነ ያለ ጥፋቱ ስሙን ታጠፋላችሁ፤ ጥፋተኛ ከሆነ ደግሞ ታስጠነቅቁታላችሁ። ከዚያ እርሱት። መልስ ላይመጣ ይችላል፤ መልስ አለመምጣቱ አልታየም ማለት አይደለም። ከተረጋገጠ ሁለቱም ድረ ገጾች በእሱ የተነሳ ያጣችሁትን የሬቲንግ ነጥብ ይመልሳሉ።

ያላለቀ ጨዋታ ካላችሁ ተጫወቱት። እንዲያውም በሙሉ ልባችሁ። ከእናንተ የሚበልጥ ሰው እንደገጠማችሁ ቁጠሩት። መረጋጋት ካቃታችሁ እጅ ሰጥታችሁ፣ ያንን ሰው ብሎክ አድርጋችሁ ወደ ሌላ ጨዋታ መሄድም መብታችሁ ነው።

9. እናንተ ስትጠረጠሩ

ተጋጣሚ በቻት «ኢንጂን ነህ» ቢላችሁ አትከራከሩ። ጸጥ ብላችሁ ተጫወቱ፤ ካበዛው ቻቱን ዝጉ። አካውንታችሁ ከተዘጋ ግን ይግባኝ ጠይቁ። ጽሑፉ አጭርና እውነት ይሁን። ማስታወሻዎቻችሁን፣ የተጠቀማችሁበትን መጽሐፍ ወይም ዳታቤዝ ጥቀሱ። ኢንጂን የበራበት ገጽ በስህተት ከፍታችሁ ከሆነ የትኛው ጨዋታ ላይ እንደሆነ በግልጽ ተናገሩ። ሌላ አካውንት ከፍቶ መቀጠል ግን ንጹሑንም ሰው ጥፋተኛ ያደርገዋል።

በጨዋታ መሃል የኢንጂን ሙቭ በስህተት ካያችሁስ? እኔ የምመክረው እጅ መስጠት ወይም ለተጋጣሚ ነግሮ አቻ ማቅረብ ነው። አይቶ እንዳላየ መቀጠል አይቻልም፤ ሌላ ሙቭ ብትመርጡም ያየነው ያየነው ነው። አንድ ጨዋታ ነው፤ ሬቲንጉ በሁለት ሳምንት ይመለሳል።

10. ጨዋታው ሲያልቅ

አሁን ኢንጂኑ የእናንተ ነው። ግን ወዲያው አታብሩት። መጀመሪያ ማስታወሻችሁን ከላይ እስከ ታች አንብቡ። ጨዋታው የተቀየረው የት ላይ ይመስላችኋል? ሁለት ወይም ሦስት ሙቮች ላይ ምልክት አድርጉ። ተጋጣሚያችሁ ፈቃደኛ ከሆነ እሱ ምን እንዳሰበ ጠይቁት፤ ዘገምተኛ ተጫዋቾች ስለ ጨዋታቸው ማውራት ይወዳሉ። በእጃችሁ ያሉትን ሌሎች ጨዋታዎችም አንድ ጊዜ ቃኙ፤ የሚመሳሰል አቀማመጥ የለም? እንግዲያው ስቶክፊሽን አብሩና ምልክት ካደረጋችሁባቸው ሙቮች ጀምሩ።